ደረቅ ጎደሬ

ሳቫይ ደሴት ላይ አንዲት ሴት ለባሏ የኮኮናት ወተት ያልነካው ጎደሬ ካቀረበች፣ ወይ ተኳርፈዋል ወይ ሴትዮዋ ሙያ የላትም ማለት ነው። ሲኒቫ ደግሞ ሙያ የላትም ተብላ አታውቅም። ኮኮናቱን ፍቃ፣ ጨምቃ፣ ወፍራሙን ወተት በጎደሬ ቅጠል ጠቅልላ በጋለ ድንጋይ ታበስለዋለች። እሑድ ባሏ ፔኒያሚና ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አጠገቡ ቁጭ ብላ ዝንቡን እያባረረች ታበላዋለች። የቤተሰቡ አለቃ እሱ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ትልቅ፣ ሆዱም እንደዚያው። ሰው በሆዱ ሲቀልድበት “የሲኒቫ እጅ ነው እንዲህ የነፋኝ” ይላል። እሷም ደስ ይላታል። ምን ታድርግ፣ ሙገሳ ነዋ።

በኋላ ደረቱን ይጨምቀው ጀመር። የወንድሙ ልጅ ቫዮላ የመንደሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ደሙን መርምራ ቅባቱ በዝቷል አለችው። የኮኮናት ወተት ይቀንሱ ብትለው አኮረፈ። በክርክር እንደማትረታው ታውቃለችና በገዛ ደሙ ልታሳየው ተነሳች። ሰው ከበላ በኋላ ቅባቱ ደሙ ውስጥ ይገባል፣ እንደ ዘይቱ ዓይነትም ደሙ ቶሎ ይጠራል ወይም ደፍርሶ ይቆያል አለችው። አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዱ በኮኮናት ይብላ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ በሱፍ ዘይት ብቻ። ሁለቱንም ቀን ከሰዓት በኋላ ደም ትቀዳለታለች።

የዘይቱን ጠርሙስ ለሲኒቫ ሰጠቻትና እጇን ያዘቻት። “እማማ፣ ኮኮናት ጠብ እንዳይልበት። ቃል ይግቡልኝ።”

ሲኒቫ ቃል ገባች።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደም ብልቃጡ ውስጥ ሲረጋ ላዩ ላይ የሩዝ እጣቢ የመሰለ ነገር ቀረ። ፔኒያሚና ትክ ብሎ አየው፣ አልሳቀም። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ የዘይቱ ቀን ጠርቶ ከወጣ እተወዋለሁ፣ በልጆቼ ስም እተወዋለሁ አላት። ያ ግትር ሰው! ሲኒቫ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

ሁለተኛው ቅዳሜ ዓሣውንም ጎደሬውንም በሱፍ ዘይት ጠበሰች። ሳህኑን አንስታ ልትሄድ ስትል ዓይኗ አረፈበት። ጎደሬው ደርቆ ተቀምጧል። ይኼንን ለእሱ? ለቤቱ አለቃ? አንጀቷ አልቻለም። ትንሽ ብቻ ብላ ኮኮናት ጨመቀች፤ እጇ ለምዶባት ሙሉውን ጨረሰችው። እንዳይታይ ጎደሬውን ጨፍልቃ፣ ጣዕሙም እንዳይታወቅ ሽንኩርት አብዝታ አዋሃደችው። ፔኒያሚና ጥርግ አድርጎ በላና፣ ይኼ ዘይት ሲያሙት ነው እንጂ ምንም አይል አለ። አብራው ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ የተቀዳው ደም ከፊተኛው ብሶ ደፈረሰ።

ቫዮላ ግራ ገባት። በአንድ ሙከራ አይፈረድም፣ እንድገመው ብላ ለመነችው። እሱ ግን ሳቁ ተመልሶለት ነበር። “ምን ይደገማል? ደሜ ራሱ መሰከረ፤ የሚያውቀው ኮኮናት ነው!”

ሲኒቫ በሩ ጋ ቆማለች። በዚያች ልጅ ፊት ቃሌን በላሁ ማለት አፈረች። ነገ እነግረዋለሁ አለች። በነጋው እሑድ ሲበላ ደስታው ሌላ ነበር። እንዲያ እንዲያ እያለ እሑዱ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። ዝናቡ ሳይገባ ፔኒያሚና ከማሳው ሲመለስ መንገድ ላይ ወደቀ። ተሸክመው ሲያመጡት እሷ ለእራቱ ኮኮናት እየፋቀች ነበር።

ባትጨምርበት ኖሮ ይተርፍ ነበር? ቫዮላ ራሷ፣ ልቡ ከብዙ ጊዜ በፊት የተጎዳ ነው ብላለች። ሲኒቫን የሚበላት ግን ሌላ ነው። ሰውዬው ሊተው ቆርጦ ነበር፤ የመለሰችው እሷ ናት።

የአባቱን ቦታ የተካው አውቶቡስ ነጂው ልጇ ዮሴፋ ነው። ዘንድሮ እሱም ደረቴን አለ። ቫዮላ ያንኑ ዓይነት ጠርሙስ ይዛ መጣች፤ ቃል ግን አላስገባቻትም።

ቅዳሜ ሲኒቫ ጎደሬውን በዘይቱ ጠብሳ አቀረበችና ማራገቢያዋን ይዛ ተቀመጠች። ዮሴፋ አንዴ ጎረሰ። ሳህኑን አየ፣ እሷን አየ።

“እማዬ፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?”

“የለም ልጄ።”

“ታዲያ ኮኮናቱስ?”

ማራገቢያው ቆመ። “ለአባትህ ጨምሬለት ነበር” አለች። “በዘይቱ ቀን። ሳይነግሩኝ ቀርተው አይደለም። ደረቁን ልሰጠው አሳዘነኝ።”

አንድ ዝንብ መጥቶ ጎደሬው ላይ አረፈ፤ ማንም አላባረረውም። ዮሴፋ ሌላ ቁራሽ አነሳ።

“ጨው አቀብዪኝ” አላት፤ ድምፁ ቁርጥ የአባቱን።

ጨውን አቀበለችው፤ ከዚያ እንባዋ እየወረደ ዝንቡን ማባረር ጀመረች።