ኢሜሉ ሁለት ሰዓት እንዲጠፋ የወጣ እቅድ

በበርና መስኮት ፋብሪካው ውስጥ «እትዬ ኢሜል» የማይላት ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የተቀጠረችው ለስልክ አቀባይነት ነው፤ ገመድ ከገመድ እየሰካች ሰው ከሰው ስታነጋግር ዓመታት ቆየች። በየጠረጴዛው ስልክ ሲገባ ግን ሥራ ፈታች። የያኔው ሥራ አስኪያጅ «ሰው ማገናኘት እንደሆነ ታውቂበታለሽ፣ አሁን ደግሞ በደብዳቤ አገናኚ» ብሎ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ላካት። ተማረች፣ ተሳሳተች፣ ተሰደበች፣ በመጨረሻ ቻለችበት። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአራት መቶ ሰው ኢሜል በእሷ እጅ ያልፋል።

ይህን ሁሉ ደብዳቤ የሚያስተናግደው ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የተቀመጠው ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይከማችባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ ጀርባው ላይ እጇን አሳርፋ ሙቀቱን ታያለች፤ ማራገቢያውን ወደ እሱ ታዞራለች፤ ካፖርቷን የምታወልቀው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ቀን የኢሜሉን ሶፍትዌር ከሚሠራው ድርጅት ማስታወቂያ ደረሳት። የእናንተ እትም አርጅቷል፤ ከእንግዲህ ቢታመም የሚያክመው፣ ሌባ ቢገባበት ቀዳዳውን የሚደፍንለት የለም፤ ወደ አዲሱ ተሻገሩ ይላል። እሷም ሳይቃጠል በቅጠል ብላ እቅድ አወጣች። እቅዱ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። የደብዳቤውን ሁሉ ቅጂ ማስቀመጥ፣ አዲሱን እትም በትርፍ ማሽን ላይ መሞከር፣ ኢሜሉን ለሁለት ሰዓት ማጥፋት፣ መጫን፣ ማብራት፤ በቃ።

የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ እቅዱን ሲያነብ «ሁለት ሰዓት» የሚለው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«እህቴ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰው ምን ሊሆን ነው?»

«ምሳውን ይበላል።»

መልሱ አልጣመውም። ዘጠኝ ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቋመ፤ ራሱም ሰብሳቢ ሆነ። ከአባላቱ ሁሉ ንቁው የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበር። ለአንድ ሰው የሚበቃውን መልስ ለመላው ፋብሪካ ስለሚልክ ሠራተኛው «ለሁሉም መልስ» የሚል ቅጽል ስም አውጥቶለታል።

ኮሚቴው በየሳምንቱ ተሰበሰበ። «ኢሜሉ ሲጠፋ አየር ላይ ያሉት ደብዳቤዎች የት ይጠለላሉ?» ሲል «ለሁሉም መልስ» ጠየቀ።

«አየር ላይ አይንሳፈፉም፣ ጋሼ። ከላኪው ዘንድ ይቆዩና ስናበራው ይመጣሉ።»

«ዝናብ ከሆነስ?»

በዝናቡ ላይ ሦስት ስብሰባ ሄደ። ቀጥሎ የመጣው «ማሻሻል» የሚለው ቃል ነበር፤ ይሻሻል ከተባለ እስከ ዛሬ መጥፎ ነበር ማለት ነው፣ መጥፎ ከነበረ ደግሞ ተጠያቂው ማነው? እዚህ ላይ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እሷም እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። ባሏ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ማታ እራት ላይ «ዛሬስ የት ደረሳችሁ?» ይላታል። «ዝናቡን ጨርሰናል» ትለዋለች፣ እሱም ዝናብ የሱ ትምህርት ስለሆነ ቅር ይለዋል።

በሰባተኛው ወር ኮሚቴው ወሰነ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ኢሜል ሁለት ሰዓት ቢጠፋ እንደሚስማማ በኢሜል ያረጋግጥ ተባለ። «ግዴላችሁም፣ ለእኔ ብቻ ይመልሱ፤ ለሁሉም ከመለሱ ጉድ ይፈላል» ብላ ለመነች። ደብዳቤው ላይም ይህንኑ በትልልቅ ፊደል ጻፈች። ረቡዕ ረፋድ ላይ ላከችው።

የመጀመሪያው መልስ ደቂቃም አልፈጀም። «ለሁሉም መልስ» ራሱ «እስማማለሁ» የሚል ወረቀት በእጁ ፈርሞ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ፣ በር የሚያክለውን ፎቶ ለአራት መቶ ሰው ላከው። አንዱ «እባካችሁ ለሁሉም አትመልሱ» ሲል ለሁሉም መለሰ። ሌላው «እውነቱን ነው» አለ፣ ለሁሉም። አንዷ «እኔን ከዚህ አውጡኝ» አለች። ሹፌሩ ሰው ሁሉ እንደሚያነብ ሲያይ ጊዜ፣ የጠፋበትን ጃንጥላ የወሰደ እንዲመልስለት ጠየቀ። አርባ መልስ ለአራት መቶ ሰው ሲባዛ አሥራ ስድስት ሺህ ደብዳቤ ሆነ፤ ያ ሁሉ ደግሞ ያንን በር የሚያክል ፎቶ በጀርባው አዝሏል።

እትዬ ኢሜል ሮጣ ስትደርስ ሰርቨሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል። እጇን ብታሳርፍበት ፈጃት። ዲስኩ ሞልቶ ተወጠረና ጸጥ አለ። ከአገናኝ መንገዱ «ኢሜል ሞተ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ማራገቢያውን አስጠጋችና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። አዲሱን እትም ከሞከረችው ስድስት ወር አልፎታል። የደብዳቤዎቹን ቅጂ ዛሬ ጠዋት አስቀምጣለች። ከዚያ ወዲህ የገባው «እስማማለሁ» እና «አትመልሱ»፣ አንድ ጃንጥላም ነው። «ከወደቀማ በኋላ ለመጣል ማን ያስፈቅዳል?» አለች ለራሷ። ተነሥታ በሩን ቆለፈች።

ዲስኩን አጽድታ አዲሱን እትም ጫነች፣ የጠዋቱንም ቅጂ መለሰችበት፤ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀባት። በሩ ሲንኳኳ «እየሠራሁ ነው» ትላለች፣ እውነቷን ነው። ስታበራው ሥራውን እንደ አዲስ ሙሽራ በደስታ ጀመረ። የጠፋው ያ ሁሉ ስምምነት ብቻ ነበር።

ለሥራ አስኪያጁ ልትነግረው ሄደች፤ እሱ ግን እጁን አነሣና «ቆይ፣ የኮሚቴውን አጀንዳ እያዘጋጀሁ ነው» አላት። ስለዚህ ቆየች። ሦስት ሳምንት።

አጀንዳው አልቆ ኮሚቴው ሲሰበሰብ «ለሁሉም መልስ» ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የምለው፣ ይሄ አሮጌው ኢሜል ሰሞኑን እንደ ፈረስ ነው የሚጋልበው። ምን ጎድሎበት ነው የምንቀይረው?» ሌሎቹም የድሮ ዕቃ እንዴት ጠንካራ እንደሆነ እየተቀባበሉ አወሩ። እቅዱ ይቅር ተብሎ ድምፅ ሊሰጥበት ሲል እትዬ ኢሜል መቻል አቃታት።

«አሮጌው አይደለም። የወደቀ ዕለት ቀይሬዋለሁ።»

«ለሁሉም መልስ» ወዲያው ዓይኑን ማሸት ጀመረ። «እኔም እኮ ሰሞኑን ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር!»

ከሰዓት በኋላ ስልሳ አንድ አቤቱታ ደረሳት፤ በአዲሱ እትም፣ እያንዳንዱ በቅጽበት። ፊደሉ አንሷል፣ ደብዳቤው በግራ በኩል ይከብዳል፣ ቶሎ ስለሚደርስ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ሥራ አስኪያጁ በዕለቱ ሁለት ደብዳቤ ጻፈላት። አንዱ ያለ ፈቃድ በመቀየሯ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው የኮሚቴውን እቅድ ከጊዜው ቀድማ በማሳካቷ ምስጋና ነው። ሁለቱንም አስፈረማት።

ቤቷ ወስዳ ለባሏ አሳየችው። ባሏ እንደ ልማዱ ቀይ እስክሪብቶ አወጣና የምስጋናውን የፊደል ግድፈት አረመ። «ማስጠንቀቂያው ግን በደንብ የተጻፈ ነው» አላት።

ሳቋን ለቀቀችው፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ታውቃለህ» አለችው ሲበርድላት፣ «በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንንም ሳላስፈቅድ የሠራሁት ያንን ሁለት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ብቻ ነው። እንዴት እንዳማረብኝ ብታይ!»

አቤቱታው ለሁለት ሳምንት ጎረፈ። ከዚያ የፋብሪካው የመኪና ማቆሚያ መስመር በአዲስ ቀለም ሲቀባ በአንድ ቀን ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ መስመሩ አዞረ፤ «ለሁሉም መልስ» መኪና ባይኖረውም መስመሩ ጠቦኛል ብሎ ለአራት መቶ ሰው ጻፈ። ደብዳቤው ሁሉም ዘንድ በሰላም ደረሰ።