ጀልባዋን ላለመስጠት የደበቅሁት ማዞር

መጀመሪያ ከእጄ ያመለጠው የዓሣ ማጥመጃዬ ነበር። ባለፈው ዓመት፣ የፍልሰታ ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ካናዳ ውስጥ፣ ከካልጋሪ ከተማ በስተምዕራብ ጎስት በሚባል ሐይቅ ላይ ጀልባችን ውስጥ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ዓይኔ ጨለመ። አላመመኝም። ሦስት አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ብርሃኑ ሲመለስ እጄ ባዶ ነበር፤ ማጥመጃው ሐይቅ ገብቷል። «ጾም ነው» አልኩ። ሞተሩን አስነስቼ ወደ ዳር ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ማዞርን በሌላ ነገር እያሳበቡ ለሚውሉ ሰዎች ነው። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ጌታሁን ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ።

ጌታሁን ባለቤቴ ነው። ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ጀልባዋን የገዛት ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ነው፤ ዋና ግን አይችልም ነበር። እንደ አዲስ መኪና ጸበል ሊያስረጫት በትሬይለር እየጎተተ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳት። ቄሱ ዙሪያዋን አይተው፣ «አቶ ጌታሁን፣ ይቺ እኮ የምትውለው ውሃ ላይ ነው፤ እኔ ምን ልጨምርላት?» አሉት። ረጩለት ግን። እሱ ኋላ ሞተሩ ጋ፣ እኔ ፊት እንቀመጥ ነበር። ካረፈ በኋላ እሱ ቦታ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ትሬይለር ወደ ኋላ መንዳትም ተማርኩ። ልጃችን ቤዛ፣ «እማዬ፣ ብቻሽን? ቱ ሪስኪ ነው፤ እንሽጣት» ትለኛለች። የአባቷ ልብስም የሥራ መሣሪያም ተሰጥቶ አልቋል። ጀልባዋን አልሰጥም ብያለሁ። ቤዛ ማዞሩን ካወቀች ደግሞ ጀልባዋ ትሄዳለች። ስለዚህ ደበቅሁት።

ሁለተኛው ጊዜ ፎረስት ሎን ሰፈር ያለ የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ነው። መደርደሪያ ተደግፌ ቆምኩ። ባለሱቋ «እትዬ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። «ጾም ነው ልጄ።» እሷም ጿሚ ናትና አመነችኝ። የቤተሰብ ሐኪሜ ዘንድ ስሄድም ያንኑ ተናገርኩ። ስለ ማጥመጃው አላነሳሁም። «የውሃ ማነስ ሊሆን ይችላል» አለኝ፤ «ጾሙ ሲያልቅ ካልተወዎት ይመለሱ። ከወደቁ ግን በቀጥታ ኢመርጀንሲ።»

ጾሙ በተፈታ ዕለት ኤርድሪ ከተማ ቤዛ ቤት ዶሮ ወጥ በላሁ። ደገምኩ። ልጨምር ተነሳሁ። ወደቅሁ።

ስነቃ ቤዛ አጠገቤ ተንበርክካ አምቡላንስ እየጠራች ነው። «እማዬ፣ ዶንት ሙቭ!»

«ጾም ነው» አልኳት።

«ዋት? ወጡ እኮ አፍሽ ላይ ነው!»

ከዚያ ወዲያ የማሳብበት ነገር አጣሁ።

ሆስፒታል የልብ ምት የሚመዘግበውን ኢሲጂ አነሱኝ። የልብ ምቴ በደቂቃ ሠላሳ አራት ነበር። ነርሷ አየች። ሌላ ሰው ጠራች። ልቤ ቢቆም በኤሌክትሪክ የሚያስነሱ ትላልቅ ፓዶች ደረቴ ላይ ለጠፉ። ማንም አልሳቀም። ፈራሁ።

የልብ ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ኮምፕሊት ሃርት ብሎክ ይባላል። የልብዎ የላይኛው ክፍል መልእክት ይልካል፤ ለታችኛው አይደርሰውም። መቼ ነው የጀመረዎት?»

ቤዛን አየኋት። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ሐይቁን። ማጥመጃውን። ብቻዬን መሆኔን። ፒክአፑን እየነዳሁ መመለሴን።

«ውሃ ላይ ቢወድቁ ኖሮ ዛሬ አንነጋገርም ነበር» አለች ሐኪሟ።

ቤዛ ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። አለቀሰች። አባቷን ስንቀብር እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

በማግስቱ ከግራ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ የልብ ምት የሚያስተካክል ፔስሜከር ተተከለልኝ። በቆዳዬ ሥር ሲነካ ክብ ብስኩት የሚያህል ነገር ነው። ስድስት ሳምንት ግራ እጄን ከትከሻዬ በላይ እንዳላነሳ፣ ከባድም እንዳልሸከም ስለተነገረኝ፣ ቤዛ ከሥራ ስትመለስ እየመጣች ፀጉሬን ታበጥርልኝ ነበር፤ እኔ በልጅነቷ አደርጋት እንደነበረው ጎተት ስታደርገኝ «ቻይው!» ትለኛለች፣ ሁለታችንም እንስቃለን። ደረጃ ሳልቆም መውጣት ቻልኩ። ለካስ አርጅቼ ነው ያልኩት ብዙው ነገር እርጅና አልነበረም።

ለምርመራ ስመለስ ሐኪሟ ጀልባዋን እንደምትከለክለኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ የምለምናትን ቃል ሁሉ አዘጋጅቼ ሄድኩ። እሷ ግን፣ «በሚቀጥለው በጋ ይችላሉ። ብቻዎን አይሂዱ፣ በሚሠራ ሞተር ላይም አይደፉ፤ ፔስሜከሩን ሊረብሸው ይችላል» አለችኝ። ቤዛ ቅር አላት። እውነቱን ለመናገር እኔንም ቅር አለኝ። ሌላ ሰው ቢወስንልኝ ይቀለኝ ነበር።

በረዶው እስኪቀልጥ አሰብኩበት። ጌታሁን አንድም ቀን ብቻውን ሐይቅ ሄዶ አያውቅም። እኔ እስክወጣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጥሩምባ ሲነፋ ጎረቤት ይሰለች ነበር። ዋና የማይችል ሰው ውሃውን ያን ያህል ወዶት አይደለም፤ ስልክ የማይደርስበት ቦታ ከኔ ጋር መቀመጥ ፈልጎ ነው። እኔ ብቻዬን ስወጣ ይዤው የምወጣ ይመስለኝ ነበር። ልከተለው ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ጀልባዋን ልሰጥ ወሰንኩ። የወሰዳት ተፈራ ነው፤ የጌታሁን ጓደኛ፣ ኦግደን ሰፈር የሚኖር፣ በቅርቡ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር። ሊወስዳት የመጣ ዕለት ትሬይለሩን ወደ ኋላ ሲነዳ ሦስቴ ጠመመበት።

«እትዬ ዘነበች፣ አይሳቁብኝ! ስንት ዓመት አውቶቡስ ነድቼ?»

«አውቶቡስህ አንገት አልነበረውም። መሪውን ወደ ግራ!»

አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ በበጋ አንድ ቀን ይዞኝ እንዲወጣ።

እናንተ እንደኔ የሚያዞራችሁ፣ ጾም ነው፣ ድካም ነው፣ ሐዘን ነው አትበሉ። ሊሆን ይችላል፤ ግን ሐኪሙ ይበለው። ስትነግሩትም ያመለጣችሁን ዕቃ ጭምር ንገሩት። የምትደብቁት እንዳይወሰድባችሁ የምትሳሱለት ነገር ስላለ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን ለልጆቻችሁ ተናገሩ። ሐኪሞቼን አመሰግናለሁ። ቤዛን አመሰግናለሁ፤ ፀጉሬን ብትነቅለውም።

ባለፈው ቅዳሜ ተፈራ ቃሉን ጠብቆ ወሰደኝ። ላይፍ ጃኬቴን አጠበቀልኝና ሞተሩ ጋ ያለውን ወንበር አሳየኝ። «ይቀመጡ፣ የእርስዎ ቦታ ነው።»

«የኔ ይሄ ነው» ብዬ ፊት ተቀመጥኩ። «ቀስ በል ደግሞ፤ እዚህ ፌርማታ የለም።»

ሳቀ። ሞተሩ ከኋላዬ ተነሳ፤ ድምፁ ያው ነው። ሐይቁ መሐል እስክንደርስ ማን እንደሚነዳት ዞሬ አላየሁም።