አልኮል ያልሸተተው ማጠቢያ

ባልደረቦቿ «እትዬ ጭቃ» ይሏታል። በላቦራቶሪው ውስጥ ከሐይቅ ወለል ከወጣ ጭቃ የረቂቅ ተሕዋስያንን ዲኤንኤ ስታወጣ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ያን ቀን እጇ ላይ የነበረችው የመጨረሻዋ ቁንጥር ጭቃ ናት፤ ሐይቁ ደርቆ ቤት ስለተሠራበት ሌላ አይገኝም።

ዲኤንኤውን ከትንሿ ማጣሪያ ላይ አስይዛ፣ ቆሻሻው እንዲለቅ በማጠቢያው ፈሳሽ አጠበችው። ጠርሙሱን ልትከድን ስትል አፍንጫዋ ጠረጠረ። ጠጋ ብላ አሸተተች። አልኮል አይሸትም።

አዲስ ጠርሙስ ነው፤ የከፈተው ሰው አልኮል መጨመር ነበረበት፤ የከፈተችው ደግሞ ራሷ ናት። አልኮል የሌለው ማጠቢያ ዲኤንኤውንም ጠራርጎ ይወስዳል።

ቀና ስትል ከባልደረቦቿ አንዷ ከማጣሪያው የወረደው ፍሳሽ የተጠራቀመበትን ዕቃ ይዛ ወደ ማጠቢያ ገንዳው ስትሄድ አየች።

«ቆዪ፣ የኔ እናት» አለች።

«ምነው እትዬ፣ በቆሻሻም መሰሰት ጀመርሽ?»

«አትድፊው። ጭቃዬ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።»

ባልደረባዋ ፊቷን አይታ ቀልዷን ዋጠች። ደግነቱ ዕቃው ውስጥ የሌላ ናሙና ፍሳሽ አልገባም። ፍሳሹ ላይ ዲኤንኤውን ከማጣሪያ የሚያስይዘውን ፈሳሽና አልኮሉን ጨምረው በአዲስ ማጣሪያ እንደገና አሳለፉት። የዲኤንኤው መለኪያ እስኪያነብ ድረስ እትዬ ግድግዳ ግድግዳውን ታይ ነበር፤ ወደ ማሽኑ ለመዞር ወኔ አጣች።

«አለ» አለች ባልደረባዋ። «ትንሽ ነው፤ ግን አለ።»

እትዬ ዲኤንኤው ያለባትን ብልቃጥ ልትከድን ብትሞክር ክዳኑ እምቢ አላት፤ ባልደረባዋ ተቀብላ ከደነችላት።