ከአባቴ ጋር ሙቀት የለካንበት ዓመት

ሆሳዕና ውስጥ ከምሠራበት ቢሮ ወደ ቤት ስመለስ በብረታ ብረት ቤቶቹ በኩል ማለፍ አልወድም። የሚሞረድ ብረት ሽታ፣ ያ ምላስ ላይ የሚቀር ደረቅ ሽታ፣ ገና አፍንጫዬን ሲነካው ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ዶዮገና ያለው ቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛና ከአባቴ ሞረድ ሥር የሚበንነው ግራጫ ብናኝ ተመልሰው ይመጡብኛል።

አባቴ የኬሚስትሪ መምህር ነበር። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ከተሰባበሩ ወንበሮች በቀር ብዙ ነገር ስላልነበረው፣ በአዲሱ ዓመት ለተማሪዎቹ የሚያሳያቸውን ሙከራዎች ክረምቱን ቤት ውስጥ ሲሞክር ይከርም ነበር። ጉሙ ከእንሰቱ መሐል ወጥቶ ግቢያችንን በሚውጥባቸው በእነዚያ ብርዳም ከሰዓት በኋላዎች፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፈልቅቆ፣ ዚንክ የሆነውን የውጭ ቅርፊቱን አጥቦ፣ በሞረድ ይፈጨው ነበር። ከዚያም ሰማያዊውን የመዳብ ጨው ውሃ ውስጥ አሟሙቶ፣ በጥጥ በተጠቀለለ የፕላስቲክ ኩባያ ቀድቶ፣ ቴርሞሜትሩን ነክሮ ብናኙን ይጨምርበታል። ዚንኩ መዳቡን አስወጥቶ ቦታውን ሲይዝ ሙቀት ይለቀቃል፤ ሰማያዊው ቀለም ይደበዝዛል፤ መዳቡም ቀይ ጭቃ መስሎ ከታች ይዘቅጣል። የእኛ ሥራ ውሃው ምን ያህል ዲግሪ እንደጨመረ ለክተን የወጣውን ሙቀት ማስላት ነበር።

መጀመሪያ ኩባያውን ያስነካኝ ጊዜ ደንግጬ እጄን ሰብስቤ ነበር፤ እሳት ሳይነካው የሚሞቅ ውሃ አይቼ አላውቅማ። «አትፍሪ፣ ምሕረት» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ያገኘነው ቁጥር መጽሐፉ ላይ ካለው ሁልጊዜ ያንስ ስለነበር ቅር ሲለኝ አይቶ፣ «ሙቀቱ አልጠፋም፤ እኛ ባልለካነው በኩል ወጥቷል» ይለኝ ነበር።

በፊት በፊት ቴርሞሜትሩን የሚያነበው ራሱ ነበር። በዚያ ክረምት ግን «ዘጠነኛ ክፍል ልትገቢ ነው፣ መልመድ አለብሽ» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም ኮራሁ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቀለሙ ከለቀቀ ቆይቶ ውሃው የዕቃ እጣቢ መስሎ ሳለ፣ አባቴ አፍንጫው ኩባያውን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሶ፣ «ቀለሙ ለቀቀ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የሚፈትነኝ መሰለኝ። «አንተ አታይም እንዴ?» አልኩት እየሳቅሁ።

አልሳቀም። ኩባያውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹ ከኩባያው ጎን አየር ጨበጡ። ያኔ ነው ዓይኖቹን ትክ ብዬ ያየሁት። በመስኮቱ ብርሃን፣ ብሌኖቹን ወተት የነካው ውሃ የመሰለ ነገር ጋርዷቸው ነበር።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ለምን እንደሚደብቅ አውቅ ነበር። አያቴን የዓይን ሞራ ይዟቸው ሳለ፣ «በመርፌ እገፈዋለሁ» ያለ አንድ የባህል መድኃኒተኛ ጨርሶ አጥፍቶባቸው፣ የቀረ ዕድሜያቸውን በዱላ እየተመሩ ኖረዋል፤ የዱላውን ሌላ ጫፍ ይዞ በየገበያው የመራቸው ልጅ አባቴ ነበር። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ስለሆነ «ሐኪም ቤት ሂድ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማልፈራው ነገር አልነበረም። የደጃችንን ደረጃ፣ ጭቃውን፣ ከኋላው የሚመጣውን ባጃጅ ፈራሁለት፤ ከቤት ወጥቶ ሲቆይብኝ በር ላይ ቆሜ መንገድ መንገድ አይ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተነስቶ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ፣ ሰው ሁሉ «አሜን» ሲል፣ አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ የተከፈተው ገጽ ሌላ መሆኑን አይ ነበር። በቃሉ ነበር የሚወጣው።

ትምህርት ሲጀመር የእሱ ተማሪ ሆንኩ። ክፍል ውስጥ እንደማንኛውም ልጅ «ቲቸር» እንድለው አዝዞኝ ስለነበር እንደዚያው እለው ነበር። ጥቅምት ላይ ያንን የክረምቱን ሙከራ ሊያሳየን ዕቃውን ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙሶች ነበሩ፤ አንዱ ሰማያዊው፣ ሌላው ለቀጣዩ ትምህርት የተዘጋጀ፣ ውሃ የሚመስል አሲድ። ስለ ሙቀት እያስረዳ፣ በእጁ ዳብሶ አንዱን ጠርሙስ አነሳና ኩባያው ውስጥ ቀዳ።

የተቀዳው ሰማያዊ አልነበረም።

የዚንኩን ብናኝ በማንኪያ ዘገነ። ከዚያም በክረምት እንደለመደው ፊቱን ኩባያው ላይ ደፋ። ብናኙ አሲዱ ውስጥ ቢገባ ፈልቶ፣ እነዚያ የደከሙ ዓይኖች ላይ እንደሚረጭ ታየኝ። «ቲቸር» ልል ብሞክር ቃሉ አልመጣ አለኝ።

«አባዬ! ተው!»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ ግን ማንኪያውን በአየር ላይ እንደያዘ ደርቆ ሲቆም ሳቁ አንድ በአንድ ከሰመ።

«ምንድን ነው የቀዳሁት?» አለ።

«አሲዱን ነው» አልኩ።

ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀምጦ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። «ልጆች» አለ፣ «ዓይኔ ሰማያዊውን ከነጩ መለየት አቅቶታል። ይህን ሳልነግራችሁ እዚህ መቆም አልነበረብኝም።» ቀጥሎ «ምሕረት፣ ነይ፣ አንቺ ቅጂ» አለኝ። ኩባያውን አለቅልቄ ሰማያዊውን ስቀዳ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። አጠገቤ የቆመች ልጅ ቴርሞሜትሩን ጮክ ብላ አነበበች፤ ሙቀቱ ሲጨምር እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር።

በዚያው ቀን ወሬው ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጠው እናቴ ጋ ቀድሞን ደረሰ። «አገር ሁሉ ሲያውቅ እኔ መጨረሻ ልስማ?» ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልተከራከረችም፣ በጋው ሲገባ እጁን ይዛ ሆሳዕና ሆስፒታል ወሰደችው። እኔም ተከተልኩ። አባቴ ሐኪሙን «በመርፌ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ድምፁ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር። እሱ ለቀዶ ሕክምና ገብቶ እኛ ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ እናቴ በከምባትኛ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ትጸልይ ነበር፤ እኔ ያንን እንኳ አልቻልኩም። አያቴ ዱላቸውን ይዘው ኮሪደሩን የሚመጡ እየመሰለኝ በሩን ብቻ አይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ የቀኝ ዓይኑን ፋሻ ስትፈታለት አባቴ ብዙ ጊዜ አርገበገበው፤ እንባው ወረደ። ዞሮ እናቴን ረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየና፣ «ጸጉርሽ መቼ ነው የሸበተው?» አላት።

ሻሿን ወደ ግንባሯ እየሳበች፣ «አንተ ሳታይ» አለችው።

የግራው ዓይን ለሕክምና ዘግይቶ ስለነበር እንደ ቀኙ አልሆነለትም። ባገኘው ብርሃን ግን ጡረታ እስኪወጣ አስተማረ፤ ዛሬም ዶዮገና በዚያው ቤት ከእናቴ ጋር አለ። በየሳምንቱ እደውልለታለሁ፤ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ይለኛል። ያኔ ልጅ ሳለሁ ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው ብዬ አምነው ነበር። አሁን ግን እሺ ብዬ ስልኩን እዘጋና፣ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄጄ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ፊቱን አያለሁ።