በያጇና «ትስስር» የሚለው ቃል

ሰፈርተኛው «ፍንጣሪ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ከብየዳ ላይ ከሚረጨው እሳት ይሁን ከምላሷ አይታወቅም፤ ሁለቱም ያስኬዳል። ሃያ ሁለት ዓመት በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያና የሆስፒታል አልጋ በይዳለች። አሁን ከፊቷ የተደቀነው ነገር ግን በመዶሻ የሚቃና አልነበረም። የሙያ ኮሌጁ የብየዳ አሠልጣኝ ይፈልጋል። የተግባር ፈተናውን አንደኛ ሆና አልፋለች፤ የቃል ፈተናውን ግን ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሦስት ጊዜ የወደቀ ደግሞ ዳግመኛ አይመዘገብም። ፈተናው ሐሙስ ነው።

ሁለቱንም ጊዜ የጣላት ያው አንድ ጥያቄ ነበር፤ የብየዳው ነበልባል ሙቀቱን ከየት ያመጣል? የእሷም መልስ ያው አንድ ነበር፤ «የጋዙ ትስስር ሲበጠስ ሙቀቱ ይወጣል።»

እሑድ ጠዋት በወርክሾፗ ግቢ ይህንኑ መልስ ለአማቷ ደገመችላቸው። አማቷ ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ልጃቸው በያጅ ሊያገባ ነው ሲባል አንድ ወር ሙሉ አኩርፈው ነበር፤ ዛሬ ግን በርጩማ ስበው፣ መነጽራቸውን ጠራርገው ተቀምጠዋል።

«ማነው እንዲህ ብሎ ያስተማረሽ?»

«ማንም። ቃሉ ራሱ ነዋ፣ እማማ። ትስስር ይላል፤ ታስሯል ማለት ነው። የታሰረ ነገር ሲፈታ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እኔን ይጠይቁኝ።» እጅጌዋን ሰብስባ ከክርኗ በታች ያለውን ረጅም ጠባሳ አሳየቻቸው። የሽቦ ጥቅል ማሰሪያ ስትቆርጥ ሽቦው ተፈናጥሮ የገረፋት ነው።

ስህተቷ የሰነፍ ስህተት አልነበረም። የተጠቀለለ ሽቦ ሳይወድ በግድ የተጠመዘዘ ነው፤ ማሰሪያው ሲበጠስ ያመቀውን ጉልበት ይለቀዋል። በጋዝ ትስስር የተያያዙት አተሞች ግን እንዲያ አይደሉም፤ በግድ ያሰባሰባቸው የለም።

«ብረት የምትደግፊባቸውን ማግኔቶች አምጪልኝ» አሉ አማቷ። «አሁን አቀራርቢያቸው። ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ማለት አልተቻለም። ማግኔቶቹ ከእጇ አምልጠው ጧ ብለው ገጠሙ፤ ጣቷንም ቆነጠጧት።

«መቼ ነው የነከሱሽ? ሲገጥሙ ወይስ ሲላቀቁ?»

«ሲገጥሙ ነዋ» አለች ጣቷን እየላሰች።

«እስቲ አላቂያቸው።»

ታገለች። ፊቷ ቀላ፣ ጥርሷን ነከሰች፣ በመጨረሻ አላቀቀቻቸው።

«አሁንስ ጉልበት ያወጣው ማነው?»

«እኔ» አለች፤ ማግኔቶቹንም አገላብጣ አየቻቸው። ነገሩ ገብቷታል።

አማቷ ጠመኔ አንስተው በላሜራ ላይ ይሥሉላት ጀመር። በአተም መሐል አስኳል አለ፤ ዙሪያውን ኤሌክትሮኖች ይከቡታል፤ አስኳሉ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ሁለት አተሞች ሲቀራረቡ የአንዱ አስኳል የሌላውንም ኤሌክትሮን መሳብ ይጀምራል። ሃይድሮጅን አንድ ኤሌክትሮን ይጎድለዋል፣ ኦክስጅን ሁለት፣ ካርቦን አራት፤ ስለዚህ ተጠጋግተው ይጋራሉ። ተጋርተው ሲረጋጉ፣ ማግኔቶቹ ሲገጥሙ ጧ እንዳሉት ሁሉ፣ እነሱም ኃይል ይለቃሉ። ገመድ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው መሳሳብ ነው። መጋራት ብቸኛው መንገድም አይደለም። በገበታ ጨው ውስጥ ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን አሳልፎ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ይሆንና ይሳሳባሉ። በብረት ውስጥ ደግሞ ሁሉም አተም የውጭ ኤሌክትሮኖቹን ለጋራ ይለቃል፤ አተሞቹ ቢንሸራተቱም የጋራው ኤሌክትሮን ይዟቸው ይቆያል። ብረት ሲቀጠቀጥ የሚጎብጠው፣ ጨው ግን የሚደቀው ለዚህ ነው።

«ብረት ማኅበርተኛ ነው በሉኛ። እኔም እኮ ሃያ ሁለት ዓመት የተላመድኩት ለካ ወድጄ አይደለም።» ወዲያው ግን ግንባሯን ቋጠረች። «ቆይ፣ እማማ። ጋዙም የራሱ ትስስር አለው፤ ኦክስጅኑም አለው። እነሱ መጀመሪያ መላቀቅ የለባቸውም?»

«አለባቸው። ለመሆኑ ጋዙን ከፍተሽ ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ?»

«እለኩሰዋለሁ እንጂ።»

«ለምን ትለኩሺዋለሽ?»

ይህን አልመለሱላትም፤ ተነሥተው ሄዱ። ፍንጣሪ ላሜራውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሦስት ቀን ታገለችው። ሰኞ ጻፈች፣ ማክሰኞ አጠፋች። ረቡዕ መስኮቱ ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቅ የመጣ ደንበኛ ላይ ሙሉውን መልስ ዘረገፈችበት። መለኮሻው ከካርቦንና ከሃይድሮጅን በተሠራው ጋዝና በኦክስጅኑ ውስጥ ካለው ትስስር ጥቂቱን ያላቅቃል፤ የተላቀቁት አተሞች እንደ አዲስ ተቀናጅተው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ፤ አዲሱ ትስስር ከአሮጌው የጠነከረ ስለሆነ፣ ለማላቀቅ ከወጣው የበለጠ ኃይል ይለቃል። ከዚያ ላይ ጥቂቱ ቀጣዮቹን ያላቅቃል፤ የተረፈው ብረት ያቀልጣል።

«እኔ የጠየቅኩሽ መስኮቴን ነው» አለ ደንበኛው።

«ገባህ ወይስ አልገባህም?»

«ገባኝ።»

«እንግዲያው መስኮትህ ነገ ከሰዓት።»

ሐሙስ ጠዋት ፈታኙ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ ያንኑ ጥያቄ ጠየቋት። አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል መለሰች። ፈታኙ ቀና አሉ።

«ነዳጅ በትስስሩ ውስጥ ኃይል አምቋል ይባላል እኮ። ታዲያ ኃይሉ የሚወጣው ትስስሩ ሲበጠስ ነው ቢባል ምን አለበት?»

ያው የድሮው ጉድጓድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቃበታለች።

«ሲበጠስ ከሆነማ ውሃም ትስስር አለው» አለች። «ለምን በውሃ አንበይድም? ውሃ አይነድም፤ ምክንያቱም አተሞቹ ጠንካራውን ትስስር ፈጥረው ጨርሰዋል፤ የሚለቁትንም ለቀዋል። ላላቅቃችሁ ካልኳቸው ጉልበቱን የማወጣው እኔ ነኝ። የነዳጁ ኃይል ከኦክስጅን ጋር ሆኖ ወደ ጠንካራው ትስስር ሲሄድ የሚወጣ ነው። ማላቀቅ ሁልጊዜ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት የሚሰጠው መግጠም ነው።»

ፈታኙ ረጅም ጊዜ ጻፉ። «ለሠልጣኞች ትስስር የሚለውን ቃል ምን ብለው ያስረዱታል?»

«ቃሉን አልለውጥም። ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ከሁሉ በፊት፣ ማንም አላሰራቸውም እላቸዋለሁ።»

«መልካም» አሉ ፈታኙ ወረቀቱን እየፈረሙ። «ሰኞ ሁለት ሰዓት ይጀምራሉ። በስተግራ ሦስተኛው ክፍል።»

«አንድ ሰዓት ላይ እገባለሁ» አለች ፍንጣሪ። «የጋዝ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ሳልፈትሽ ሰው አላስገባም። ቁልፉ ማን ጋር ነው?»