አቶ ይመዘን እና የጥርስ ሐኪሟ ጀልባ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሱቅ ሚዛን ሲጠግን የኖረ ሰው፣ ሰውን በቀላሉ ማመን አይሆንለትም። ከሥጋ ሻጩ ሚዛን ሥር የተለጠፈ ማግኔት አግኝቷል፤ የእህል ነጋዴው የብረት መመዘኛ ውስጡ ተቦርቡሮ በሰም ሲደፈን አይቷል። ጡረታ በወጣ በዓመቱ የሐይቁ ጀልባ ክበብ «መርማሪ ሁንልን» ሲለው ያላቅማማው ለዚህ ነው። ቅጽል ስሙንም ያወጡለት እዚያው ነው፦ አቶ ይመዘን። ሚስቱ እንደምትለው ቤትም ያው ነው። ልጃቸው እጮኛዋን ይዛ የመጣች ቀን፣ ልጁ ከወንበሩ እስኪነሳ ጠብቆ «ትንሽ ይቀልላል» ብሏታል።

የክበቡ አሥራ ሁለት ባለ ሸራ ጀልባዎች ከአንድ ቅርጽ የወጡ መንትዮች ናቸው። ሸራቸው እኩል፣ ምሰሷቸው እኩል፤ ባዶዋን ከስልሳ ሁለት ኪሎ በታች የመዘነች ጀልባ ደግሞ አትወዳደርም። የሚያሸንፈው ሰው እንጂ ዕቃ እንዳይሆን ነው። አቶ ይመዘን ውድድሩ ሊከፈት ሲል፣ ጀልባዎቹ ከመጋዘን እንደወጡ ይመዝናቸዋል፣ ማኅተሙን ይለጥፋል፤ እስከ ሌላ ዓመት በቃ።

በዚያ ዓመት ግን የጥርስ ሐኪሟ አራት ውድድር በተከታታይ አሸነፈች። ማሸነፏ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ነፋስ በጠፋበት ቀን፣ የሌሎቹ ጀልባ ውሃው ላይ እንደ ጠገበች ላም ተኝታ ሳለ፣ የሷ ሹልክ ብላ ትሄዳለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ አንድ ነገር አላት» አለው የሚስቱ ወንድም። የጋራዥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እሷ እስክትመጣ ድረስ የክበቡ አንደኛ እሱ ነበር። «መሰርሰሪያ እንደሆን ከእጇ አይጠፋ! ቦርቡራ አቅልላት ቢሆንስ?»

«ማስረጃ አለህ?»

«ማስረጃ መፈለግማ ያንተ ሥራ መስሎኝ።»

ነገሩ ሆዱ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት ከውድድሩ በፊት ጀልባዋን ሚዛን ላይ አወጣት፦ ስልሳ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ሕጋዊ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ባለ፤ እሱ ግን ባሰበት። እንዲህ ልክክ ያለችው ለሚዛን የምትጨምረው፣ ለውድድር የምታወጣው ነገር ቢኖራት ነው ብሎ አሰበ። እሱ የሚያውቃቸው አጭበርባሪዎች ሁሉ ሚዛን ፊት ጨዋ ነበሩ። ያን ቀንም አሸነፈች።

በማግስቱ እሑድ፣ ሐኪሟ ከውድድር በኋላ ማለዳ እንደምትመጣ ሰምቶ ስለነበር፣ ፀሐይ ሳትወጣ መጥቶ ሸራ ከሚሰቀልበት ክፍል በር ጀርባ ቆመ። ሐኪሟ ብቻዋን መጣች። ግራ ቀኝ አየች፤ ወይም ያየች መሰለው። ጀልባዋን በጎኗ አጋድማ፣ ከኋላ በኩል ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ፈታች፤ ከዚያ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች።

ዘሎ ወጣ። «ያዝኩሽ! ምኑን ነው የምታወጪው?»

የያዘችው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። «ኧረ ጋሼ፣ ነፍሴን አወጧት እኮ! ውሃ ነዋ!»

«የምን ውሃ?»

«የውስጡን ነው። በሁለቱ ግድግዳ መሃል ባዶ አይደለ? በስንጥቁ ሁሉ ይገባል።» የፈታችውን ውታፍ አሳየችው። «በውድድሩ ማግስት ከፍቼ አንጠፈጥፋለሁ፣ አደርቃለሁ። ሳላደርቅ ደፍኜ አላውቅም፤ ጥርስም ቢሆን። ሌሎቹ አያደርጉትም እንዴ?»

አቶ ይመዘን ጨርቁን አንስቶ ጨመቀው። ጣቱን በቀዳዳው ከትቶ የተቦረቦረ ነገር ፈለገ፤ ሁሉም ልሙጥ ነው። ጀልባዋን እንደገና መዘናት። ከስልሳ ሁለት አልወረደችም።

ያኔ ሌላ ጥርጣሬ መጣበት፤ ይሄኛው ግን በራሱ ላይ ነው። ከመጋዘን ደርቀው ከወጡ ወዲህ፣ የቀሩትን አሥራ አንድ ጀልባዎች ማን መዘናቸው? ማንም።

ተወዳዳሪዎቹ ለእሑድ ልምምድ ሲሰበሰቡ ጀልባቸውን ተራ በተራ ሚዛን ላይ አስወጣ። ስልሳ አራት ተኩል። ስልሳ አምስት። ስልሳ ስድስት። የሚስቱ ወንድም ጀልባ ስትወጣ ቁጥሩ ስልሳ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ውታፉን ሲፈቱት የከረመ፣ የሚሸት ውሃ ተንዠቀዠቀ፤ ሰው ሁሉ ውሃው እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው» አለ የሚስቱ ወንድም።

«ሚዛኑን ዛሬ ጠዋት በእጄ ፈትሼዋለሁ። የተበላሸው የኔ አሠራር ነው።» አቶ ይመዘን ወደ ሐኪሟ ዞረ። «ዶክተር፣ በሆዴ ሌባ ብዬሻለሁ። በዓመት አንዴ መዝኜ ማኅተም ስለለጠፍኩ እኩል ያደረግኳችሁ መስሎኝ ነበር። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ምንም አይደል» አለች፤ ግን ፊቷ አልተፈታም። ለብዙ ሳምንታት ከሰላምታ በቀር አላናገረችውም። አልፈረደባትም።

ከዚያ ወዲህ በየውድድሩ ጠዋት ሁሉም ውታፉን ከፍቶ ውሃውን ያንጠፈጥፋል፣ ሁሉም ጀልባ ሚዛን ላይ ይወጣል። ውድድሩም ተቀየረ። ሐኪሟ አንድ ቀን ታሸንፋለች፣ አንድ ቀን ሦስተኛ ትወጣለች። ዘወትር ስምንተኛ የሚሆን አንድ የሒሳብ አስተማሪ ሳይታሰብ አንደኛ ወጥቶ፣ ራሱም አላመነ ይመስል ውጤቱን ሁለት ጊዜ ጠየቀ።

የሚስቱ ወንድም አንድ ወር ሙሉ ቤታቸው አልረገጠም። ሚስቱ «ወንድሜን በሰው ፊት አዋረድከው» አለችው። «እኔ ምን አደረግኩት፤ ያዋረደው የራሱ ውሃ ነው» ቢላት ጭራሽ ተቆጣች።

ወንድምየው ግን ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ ጠዋት፣ ጨርቅ በእጁ ይዞ ወደ ሐኪሟ ሄደ። ጎንበስ ብላ ከጀልባዋ ኋላ በጣቷ አንድ ቦታ አሳየችው፤ እሱም ጎንበስ አለ። ሁለቱም ሳቁ። አቶ ይመዘን ከሚዛኑ አጠገብ ሆኖ አንገቱን አሰገገ፤ በምን እንደሳቁ ግን አልሰማም።