አክስቴ እንዳይሞቱ ያደረጓቸው ሰዎች

አክስቴ ዓይናቸው ስለደከመ፣ መካነ ሰላም ከተማ ወዳለው ቤታቸው እየሄድኩ ልብወለድ አነብላቸው ነበር። አንድ ቀን በታሪኩ ውስጥ ያለ ሽማግሌ ታሞ ሊሞት ሲል አስቆሙኝ።

«ሰው እየሞተ ተጎልተህ ታነባለህ? ሐኪም ቤት ውሰደው እንጂ።»

ምን ላድርግ፤ ገጹን እያየሁ ከራሴ ፈጥሬ ሽማግሌውን በሚኒባስ ደሴ ወስጄ አዳንኩት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። በዚህ ዕድሜዬ ደራሲ ሆንኩላቸው፤ ያላዳንኩት በሽተኛ የለም፤ አንዱን ሌባማ ተውበት አስገብቼ፣ ስርቆቱን አስትቼ ድሬዋለሁ።

ዘንድሮ ራሳቸው አልጋ ያዙ። መጽሐፉን ስገልጥ፣ «ዛሬስ የተጻፈውን አንብብልኝ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ያውቁ ኖሯል?»

«ያንተ በሽተኛ ሁሉ ደሴ ሄዶ ይድናል። እንዴት አላውቅ?»

እየሳቅሁ የተጻፈውን አነበብኩላቸው። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ለብቻዬ ሳነብ፣ ሰው የሚሞትበት ገጽ ላይ ስደርስ ተጎልቼ አላነብም፤ ተነስቼ ደጅ እቆማለሁ።